መስመር ቆጠራ

«ብራንድ» የሚባለው ቃል በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በደብረ ሲና ገበያ ያለው ትርጉም በሕግ መጽሐፍ ካለው ትርጉም ጋር ዝምድና ቢኖረውም፣ ዝምድናው የቅርብ ነው ብሎ ለመማል ያስቸግራል። በ1998 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት የንግድ ምልክት ማለት የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ሲሆን፣ ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም ወይም የእነዚህ ቅንጅት ሊሆን ይችላል። በገበያው ቋንቋ ግን ብራንድ ማለት ከአስፋልቱ ማዶ የቆመ ሰው ሊያነበው የሚችል ስም የተጻፈበት ልብስ ወይም ጫማ ነው። ስሙ ደቃቅ ሆኖ አንገትጌው ውስጥ ከተደበቀ ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ብራንድነቱ በምስክር የሚረጋገጥ ይሆናል፤ ምስክር ደግሞ ሁልጊዜ አብሮ አይዞርም።

ቃሉ በምንጩ የእሳት ቃል ነው። በድሮ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች መቃጠልን ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ ከብትን በጋለ ብረት ተኩሶ የባለቤቱን ምልክት የማኖር ልማድ መጠሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ሸቀጥ የተሻገረው። ከደብረ ሲና በታች ላለው ለይፋት ቆላ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ የሚኖረው የአፋር አርብቶ አደር በግመሉ ገላ ላይ የጎሳውን ምልክት በጋለ ብረት ስለሚያኖር፣ ግመል ጠፍታ ብትገኝ የማን እንደሆነች ሰው ሳይጠየቅ ይታወቃል። በሁለቱ ልማዶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ በአፋር ሜዳ ባለቤቱ ንብረቱን ይተኩሳል፣ በደብረ ሲና አስፋልት ዳር ግን ንብረቱ ባለቤቱን ይተኩሳል፤ የመተኮሻውንም ሒሳብ የሚከፍለው የሚተኮሰው ነው። የአርሴናልን ማሊያ ለብሶ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ በደረቱ ላይ የአንድ የዐረብ አገር አየር መንገድን ማስታወቂያ ተሸክሞ ትልም ሲያወጣ ይውላል፤ አየር መንገዱ ለእንግሊዙ ቡድን በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ሲከፍል፣ ገበሬው ደግሞ ማስታወቂያውን ለመሸከም ከገዛ ኪሱ ከፍሏል።

በደብረ ሲናም ሆነ በሸዋ ሮቢት የጫማ መደርደሪያ ላይ ስም ያለው ዕቃ በማዕረግ የተከፋፈለ ነው። በላይኛው እርከን «ኦሪጂናል» አለ፤ ይህ ባለሥልጣን እንደሆነ የሩቅ ዘመድ ስሙ ዘወትር የሚነሳ፣ አካሉ ግን ብዙም የማይታይ ነው። ከእሱ በታች «ፈርስት ኮፒ» ወይም «ሃይ ኮፒ» ይገኛል፤ ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን ሻጩ ራሱ ሳያፍር የሚናገርለት፣ ነገር ግን ከመሰሎቹ ሁሉ የተሻለ ነው የሚባልለት ዕቃ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል «ፎርጅድ» ይመጣል፤ ከሁሉ በታች ደግሞ «የቻይና» የሚባለው አለ፣ ይህም የአገር ስም መሆኑ ቀርቶ የጥራት ጉድለት ቅጽል ከሆነ ሰንብቷል። ሻጩ «ይሄ የቻይና አይደለም» ብሎ ሲምል ገዢው የጫማውን ምላስ ገልጦ በቻይና መሠራቱን የሚናገረውን ጽሑፍ ቢያሳየው እንኳ በክርክሩ አይረታም፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ፋብሪካው እንጂ ስለ ጫማው አይደለምና። «ኦሪጂናል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም «ፈርስት ኮፒ ነው ወንድሜ፤ ኦሪጂናሉ ራሱ እንደዚህ አይጠነክርም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ቅጂ ከዋናው ሊበልጥ የሚችልበትን መንገድ ፈላስፎች ገና ሲፈልጉት የጫማ ሻጭ ግን ቀድሞ አግኝቶታል።

ይህን ሁሉ ማዕረግ ለይቶ ለማወቅ የሰለጠነ ዓይን ያስፈልጋል፤ የይፋት ሰው ደግሞ ይህን ዓይን ያገኘው ትናንት ከቻይና ኮንቴይነር ጋር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር በምትገኘው በአሊዩ አምባ ገበያ፣ ከታጁራ ጠረፍ በግመል የሚመጣው ነጋዴና ደገኛው ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይገበያዩበት የነበረው ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ብር ነበር፤ በአገሬው አጠራር ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ይባላል። ተቀባዩ ብሩን ወዲያው መቀነቱ ውስጥ አይከተውም፤ ወደ ፀሐይ አዙሮ የንግሥቲቱን የዘውድ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ያስተውላል፣ በላያቸው ያሉትን የእንቁ ነጠብጣቦችም ይቆጥራል። ነጠብጣቡ ከጎደለ፣ ከደበዘዘ ወይም ንግሥቲቱ በእጅ ብዛት ተሻሽታ ፊቷ ከለሰለሰ፣ ብሩ በሚዛን ምንም ያልጎደለው ቢሆን እንኳ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ገበያው ሌላ ዓመት የተጻፈበትን ብር አልቀበልም ስላለ ማተሚያ ቤቶቹ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር እየጻፉ ማተማቸውን ቀጠሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ብሂል ይህን ያህል ቃል በቃል የተፈጸመበት ሌላ ቦታ መፈለግ ድካም ነው።

አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን መልክና የአንበሳ ምስል የያዘ ብር ፓሪስ ላይ አሠርተው ቢያወጡም፣ ማርትሬዛ ከገበያው ንቅንቅ ሳትል ቆየች። በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የደረሰው፣ ዛሬ የአገር ውስጥ ጫማ ሠሪ ስለ ደንበኞቹ ከሚያሰማው ሮሮ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ስሙ ግን የቅርብ ሰው ስም ነው። የኢጣልያ መንግሥት በበኩሉ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የገበያውን ጠባይ አጥንቶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማተም ጀመረ። ለንደንና ቦምቤይም ተከትለው አተሙ። በዛሬው የገበያ ቋንቋ እነዚህ ሁሉ ፈርስት ኮፒ መሆናቸው ነው፤ ይሁን እንጂ ነጠብጣባቸው ሙሉ ስለነበረ የጠየቃቸው አልነበረም።

በጦር መሣሪያ በኩል የአማርኛ ተናጋሪው የስም አዋቂነት ከዚህም ይልቃል። ስናይደር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሰናድር፣ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ውጅግራ፣ ለቤል ለበን፣ የኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽር፣ ከቤልጅግ የመጣው ደግሞ በአገሩ ስም ቤልጅግ ተብሎ ወደ ፉከራና ወደ ቀረርቶ ገብቷል። አባት ለልጁ ምንሽር ሲያወርስ የሚያወርሰው ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ስሙንም ጭምር ነበር፤ የአያቱ ምንሽር ከጎረቤት ውጅግራ መብለጡን እየሰማ ያደገ ሰው የልጅ ልጁ ስለ ጫማ ስም ሲሟገት ቢቆጣ ቁጣው ከፊሉ የማስታወስ ጉድለት ነው።

ዛሬ ነጠብጣብ በመቁጠር ፈንታ መስመር ይቆጠራል። አዲዳስ ሦስት መስመር ስላለው፣ አራት መስመር ያለው ጫማ ለገዢው የሚጨምርለት መስመር እያለው ዋጋው የሚቀንስበት ብቸኛ ዕቃ ነው። ፊደልም ይቆጠራል፤ «አዲዶስ» እና «አቢባስ» የሚሉ ስሞች በዓለም ገበያ የታወቁ ሲሆኑ፣ አንድ ፊደል አጣምሞ ከክስ ለማምለጥ የሚደረግ ጥበብ ውጤቶች ናቸው። የአዲዳስ ስም የመጣበት አገርም ቢሆን ከዚህ ጫማ የመመርመር ሥራ ነፃ አልነበረም። በጀርመን ሄርትሶገንአውራኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ጫማ ይሠሩ የነበሩት ወንድማማቾች አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር ተጣልተው ሲለያዩ፣ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1948 ፑማን፣ አዶልፍ በ1949 አዲዳስን አቋቋሙ፤ አዲዳስ የሚለው ስም «አዲ» ከሚለው የአዶልፍ የቁልምጫ ስምና ከአባቱ ስም መጀመሪያ የተቀጠለ ነው። የከተማዋ ነዋሪ ከሁለቱ ለአንዱ ወገን ሆኖ ስለተሰለፈ፣ ሰው ከሰው ጋር ሰላምታ ከመለዋወጡ በፊት ጎንበስ ብሎ የሌላውን ጫማ ያይ ነበር ይባላል፤ በዚህም ከተማዋ «አንገት የጎበጠባት ከተማ» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። በአማርኛ አንገት መድፋት የጨዋ ልጅ ምልክት ስለሆነ፣ በደብረ ሲና መናኸሪያ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው የሚታዩበትን ምክንያት ያላወቀ እንግዳ ስለ አስተዳደጋቸው የተሳሳተ አድናቆት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ምልክቶቹ በትውልዳቸው ይህን ያህል የተከበሩ አልነበሩም። ካርሁ የተባለው የፊንላንድ ጫማ ሠሪ እንደሚተርከው፣ ሦስቱን መስመሮች ለአዲዳስ የሸጠው ለጥቂት ገንዘብና ለሁለት ጠርሙስ ዊስኪ ነው፤ የናይክን ጭረት እ.ኤ.አ. በ1971 የሣለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪም በጊዜው የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህ መልአክ አበል ግን ዝቅተኛ ነበር።

አሜሪካዊው ምሁር ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ዕቃን የሚገዛው ሊገለገልበት ብቻ ሳይሆን መግዛት መቻሉን ሌላው እንዲያይለት ጭምር መሆኑን አስረድቶ፣ ይህን ጠባይ ለታይታ የሚደረግ ፍጆታ የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠርቶታል። ቬብለን የጻፈው ስለ አሜሪካ ባለጸጎች ቢሆንም፣ ለንድፈ ሐሳቡ የተሻለ ቤተ ሙከራ የሚሆነው ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና በጉም የተሸፈነች ብርዳም ከተማ ስትሆን፣ ሸዋ ሮቢት ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ማንጎ የሚበቅልባት ሞቃት ቆላ ናት። በደብረ ሲና «ኖርዝ ፌስ» የሚል የተጻፈበትን ወፍራም ጃኬት ለብሶ የተሳፈረ ወጣት እስከ አርማንያ ድረስ ልብሱና አየሩ ይስማማሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የአውቶብሱ መስኮት ይከፈታል፣ ነጠላ ይገፈፋል፣ እናቶች በመሀረባቸው ማራገብ ይጀምራሉ፣ ወጣቱ ግን ዚፑን ወደ ላይ እንደሳበ ነው። «አንተ ልጅ፣ አውልቀው እንጂ፣ ትታፈናለህ» ስትለው አጠገቡ ለተቀመጠች እናት «አይ እማማ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ሳለ የሚናገረው ይህ ቃል በቬብለን መጽሐፍ ውስጥ ምሳሌ ሆኖ አለመግባቱ የዘመን መቅደም ብቻ ነው። ጃኬቱ ቢወልቅ ስሙ አብሮ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ስም ደግሞ ማንም አያነበውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመሠረተው ይህ ድርጅት ስሙን የወሰደው ፀሐይ ከማያገኘውና ከሁሉም ይልቅ ከሚቀዘቅዘው የተራራ ሰሜናዊ ገጽ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ በሸዋ ሮቢት የቀትር ፀሐይ ይህን ስም በደረት ይዞ መቆም ልዩ ጽናት ነው።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ለጫማ ስም አምላኪዎች ከሁሉ የሚያስቸግረውን ሰው ማፍራቱም መዘንጋት የለበትም። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ የተወለደው አበበ ቢቂላ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ ነው፤ በባዶ እግር ላይ ደግሞ መስመር አይቆጠርም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ፑማ አጥልቆ በድጋሚ ማሸነፉ ነገሩን ለማስታረቅ የተደረገ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገላብጧል፤ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ትዕግሥት አሰፋ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የዓለምን የሴቶች ክብረ ወሰን ስትሰብር የሮጠችበትን ነጭ አዲዳስ አውልቃ ለካሜራ አሳይታለች። ያ ጫማ የሚመዝነው 138 ግራም ብቻ ሲሆን ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ሠሪዎቹም ለአንድ ማራቶን ብቻ እንዲያገለግል እንደታሰበ ሳይደብቁ ተናግረዋል። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን በረባሶ ተጫምቶ ከብት ሲጠብቅ ላደገ ሰው ይህ አባባል ግራ ነው፤ በረባሶ መጀመሪያ በጭነት መኪና እግር ላይ፣ ቀጥሎ በእረኛው እግር ላይ፣ በመጨረሻም ለበር ማጠፊያነት ወይም ለሞፈር ማሠሪያነት እየዋለ ሦስት ዕድሜ የሚኖር ጫማ ነው። ይህንኑ የጎማ ጫማ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ባቋቋመችው ሶልሬብልስ በተባለ ድርጅት ስም ሰጥታ ለውጭ አገር ገበያ አቅርባዋለች። በዚህም በረባሶ ብራንድ ሆነ፤ በደብረ ሲና ገደል ሥር በረባሶ የተጫማ እረኛ ግን ስሙን ስላልጻፈበት እስካሁን በረባሶ ነው።

ስም ከመጠን በላይ ሲታወቅ ደግሞ የባለቤቱ መሆኑ ይቀራል። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ስም በኢትዮጵያ የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ መጠሪያ ስለሆነ፣ በሌላ ድርጅት የተሠራውን ለመለየት «ቲቪኤስ ባጃጅ» እየተባለ ተፎካካሪው በተፎካካሪው ስም ይጠራል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ኦሞ ነው፤ ባዶ የውሃ ፕላስቲክም ከየትኛውም ፋብሪካ ቢወጣ ሃይላንድ ነው፣ ጋዝ ቢያዝበትም፣ ማር ቢያዝበትም፣ አረቄ ቢያዝበትም።

የእውነተኛው ኦሪጂናል መገኛ የት ነው ለሚል ጠያቂ መልሱ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ቦታ ነው፤ መሬት ላይ በሸራ ተዘርግቶ የሚሸጠው ሰልባጅ። ሰልባጅ ማለት በውጭ አገር ተለብሶ የተጣለ፣ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ ሲሆን፣ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ቢሆንም ክልከላውን ሳያነብ ይገባል። በመደብሩ መስታወት ውስጥ የተሰቀለው አዲስ ጃኬት ኮፒ ሲሆን፣ ከሸራው ላይ የተነሳው አሮጌ ጃኬት ኦሪጂናል የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ስለሆነ፣ አዋቂው ገዢ ጎንበስ ብሎ ክምሩን ሲያተራምስ ላላዋቂው ድሃ ይመስለዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለውም ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ብሂል ነው፤ ኦሪጂናሉ በሁለት ሰው እጅ ሲጎተት ስፌቱ አይለቅም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ሊስትሮው ነው። ጫማ የሚያጥብ ልጅ ቡሩሹን በኦሞ አረፋ ነክሮ በሶሉና በገላው መጋጠሚያ ዙሪያ ሲፈትግ ማስቲሹ ከለቀቀ፣ ምልክቱ ከተላጠ ወይም ውኃው ቀለም ይዞ ከወረደ የደንበኛውን ምሥጢር አወቀ ማለት ነው። የጠባይ ነገር ሆኖ ብዙ ሊስትሮ የሰማውን ኃጢአት እንደሚደብቅ የንስሐ አባት ዝም ይላል፤ ጉርሻው ካነሰ ግን «ጋሼ፣ ይሄ ውኃ አይወድም» ብሎ ጮክ ሊል ይችላል።

ሕጉ ግን በምልክት ማስመሰል ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ የሌላውን የንግድ ምልክት መብት ሆነ ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስና ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። የአዋጁ ቃል በጥብቅ ተፈጻሚ ቢሆን ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ቅርብ መሆኑ የትራንስፖርት ወጪን ይቀንስ ነበር፤ የመኝታው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አዋጁ የጋራ የንግድ ምልክት የሚባል ነገርንም ያውቃል፤ ይህም አንድ ማኅበር አስመዝግቦት አባላቱ ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ምልክት ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስትሟገት ቆይታ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት መጨረሷ፣ የቦታ ስምም በሌላ አገር ጽሕፈት ቤት ደብተር ላይ ቢጻፍ ገንዘብ መሆኑን አሳይቷል። ድሮም በዚህ አገር ብራንድ ማለት ቦታ ነበር፤ በርኖስና ባና የመንዝ ተብሎ ነው የሚጠየቀው፣ የሠራው ሰው ስም የሚነሳው ሲቀደድ ብቻ ነው።

ደብረ ሲናም እንዲህ ያለ ስም አላት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶብስ ገና ከመቆሙ በመስኮቱ ሥር የሚሰለፉት ቆሎ ሻጮች ከገብስ፣ ከሽምብራና ከሱፍ የተሰናዳውን ቆሎ «የደብረ ሲና ቆሎ!» እያሉ ሲጣሩ፣ በዚያች ቦታ ላይ ይህን ማለት የወንዙን ውኃ የወንዝ ውኃ ማለት ያህል ትርፍ ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ደሴ ደርሶ ለዘመድ ሲሰጥ ይዞት የሚሄደው ይህን ትርፍ ቃል ነው። ዘመድም «ኦሪጂናል ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዘግኖ ያፍሳል። በዚህ ገበያ ማረጋገጫው ከመስመርም ከነጠብጣብም የተለየ ነው፤ ሻጯ እፍኝ የማይሞላ ቆሎ በመስኮቱ አሾልካ «ቅመስ ጋሼ፣ ካልጣመህ አትግዛ» ትላለች፣ ገዢውም አቀርቅሮ የገብሱን መፈንዳት በጥርሱ ይመረምራል። አዲዳስን ቀምሶ የገዛ ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

የቆሎው መስፈሪያ ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት ወይም የቲማቲም ድልህ የመጣበት አሮጌ ጣሳ ነው። በባሕር ማዶ ፋብሪካ ሲወጣ በደማቅ ቀለም የተጻፈበት ስም ነበረው፤ የስንት ሴት እጅ፣ የስንት ዓመት ቆሎ ፍቆት አሁን የቀረው ነጭ ቆርቆሮ ነው፣ ከታች በኩል ምናልባት የአንዲት ፊደል ጅራት ትታይ ይሆናል። ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ተሳፋሪው ወደ ጣሳው የሚያየው የተጻፈበትን ሊያነብ ሳይሆን እስከ አፉ መሙላቱን ሊያረጋግጥ ነው፤ ሻጯም ይህን ስለምታውቅ ከሞላ በኋላ በጣቶቿ ጥቂት ፍሬ ጨምራ ትከምርለታለች።